በሰባት ዓመቴ መመረቄን ያወቅሁ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ የየመን ጦርነት በተጋጋለበት ሰሞን፣ ሳውዲ አገር፣ ጂዛን ውስጥ ባይሽ በሚባል የእርሻ አገር በግ ጠባቂ ሆኜ ስሠራ ነው። ዓመታት አልፈውታል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ጥርሴን ከብርጭቆ አውጥቼ ባጠለቅሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬንም እስቃለሁ። ጥርስ ደግሞ ከብርጭቆ ይወጣል ወይ የሚል ወጣት አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፣ እደርስበታለሁ።

ስሜ ሰዒድ ነው፤ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ሳውዲ ከመሄዴ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። በዲፕሎማ ነው የተመረቅሁት። ገበሬው ግን “ዶክተር” ነበር የሚለኝ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ አንድም ቀን አርሜው አላውቅም።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ ደሞዜ ለአራት ልጆች አልበቃ አለ። ደላላ ዘንድ ሄድኩ። ደላላው ወረቀቴን አገላብጦ፣ “ያለው የራዒ ቪዛ ነው፤ በግ ጠባቂ ማለት ነው። ከአርባ አምስት በላይ ደግሞ አይቀበሉም። ስንት ነህ?” አለኝ።

“ሃምሳ።”

“አርባ አራት ነህ” አለኝና ጻፈ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ሳዝ ኖሬ እንዲህ ባንድ ጊዜ ስድስት ዓመት የሚቀንስ አይቼ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘይነባ ፓስፖርቱን አሳየኋት። እሷ አርባ ስድስት ነበረች። አየችና፣ “ታላቅህ ሆንኩ ማለት ነው። በል ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በለኝ” አለችኝ።

የቀነስኩት ዕድሜ ባይሽ ስደርስ ዋጋ አስከፈለኝ። አሠሪዬ፣ እዚያ ከፊል የሚሉት፣ አቡ ናስር ይባላል። ሳቂታና ጯሂ ሰው ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ያለውን ዕድሜ አይቶ ከሱ አሥር ዓመት እንደማንስ አመነ። የመኖ ጆንያ በመጣ ቁጥር “ያላ ሰዒድ፣ አንተ ጎረምሳ ነህ፣ አንሳ!” ይለኛል። ምን ልበል? ጎረምሳ ነኝ ያልኩት ራሴ ነኝ። ወገቤን ይዤ አነሳለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሰባት ዓመት ኖርኩ። በግ እጠብቃለሁ፣ በረት እጠርጋለሁ። ሲታመሙም የማክማቸው እኔው ነኝ፤ ደሞዜ ግን የራዒ ነው። ነገሩ ከበድ ሲል አቡ ናስር ከከተማ ሐኪም ያስመጣል። አንድ ጊዜ የመጣው ሐኪም እኔ ቀድሜ የነገርኩትን መድኃኒት ወጋና የወር ደሞዜን የሚያህል ተቀብሎ ሄደ። መርፌውን ያጠብኩለት እኔ ነኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ በአል-ሐርስ ወገን ያሉ የጠረፍ መንደሮች ሰው እንዲለቅ ተደረገ። ከብቱም ፍየሉም በመኪና ተጭኖ ወደኛ ወረደ። የደነገጠ፣ የተጋፋ፣ የጨነገፈ እንስሳ ባይሽንና የአቡ ዓሪሽን ከተማ ሞላው። ሐኪም ታጣ። አቡ ናስር ነጋዴ ነውና አቡ ዓሪሽ ላይ የእንስሳት ክሊኒክ ሊከፍት አሰበ። አንድ ቀን በረት ውስጥ የበግ እግር ሳስር መጣና ጠራኝ።

“ሰዒድ፣ ዲፕሎማ አለኝ ትል አልነበር? ወረቀትህ እዚህ ከታወቀልህ ኢቃማህን ከራዒ ወደ ቴክኒሻን አስቀይራለሁ። የራዒ ደሞዝህን በሦስት እጥፍ አደርግልሃለሁ። ካልታወቀ ግን ኸላስ፣ ሌላ ሰው አስመጣለሁ።”

በዚያው ሳምንት ከቤት ስልክ ተደወለ። የመጨረሻዋ ልጄ ሐያት ነች። ነርስነት ትማር ነበር፤ ገና መጀመሯ ነው።

“አባዬ፣ ትምህርቱን ልተወው ነው” አለችኝ። “ደላላው ፓስፖርት አውጪ ብሎኛል። ለቤት ሠራተኝነት እዚያው እመጣለሁ።”

“ለምን?”

“አንተ ተምረህ በግ ነው የምትጠብቀው። እኔ ተምሬ ምን ልሆን ነው?”

ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንዲህ በአክብሮት የሰደበኝ ግን የለም። “ስድስት ወር ታገሺኝ። ዲፕሎማዬ እዚህ ከታወቀልኝ ትማሪያለሽ። ካልታወቀልኝ እንዳሻሽ” አልኳት።

“ቃል ነው?”

“ቃል ነው።”

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ወረቀቴ ቢወድቅ የምትወድቀው ልጄ ነች።

ዘይነባ ዲፕሎማዬን ከሳጥን አውጥታ አዲስ አበባ ሄደች። በየመሥሪያ ቤቱ ተሰልፋ ማኅተም አስመታችና በሰው ላከችልኝ። ሠርጋችን ላይ ከበሮ እንኳን ያን ያህል አልተመታም። እኔም ጂዛን ከተማ ወስጄ ወደ ዐረብኛ አስተረጎምኩት። ኮሌጁ በዘመኑ የጻፈው በአማርኛ ብቻ ነበር። ተርጓሚው እየጻፈ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መለስኩለት፤ ከፈልኩ፤ ወጣሁ። ያቺን ጥያቄ በኋላ አነሳታለሁ።

ከአቡ ናስር ጋር ወረቀቱን ወደሚያይልን መሥሪያ ቤት ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ሙወዘፍ፣ ሠራተኛው ማለቴ ነው፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው።

“ያ ሸይባ፣ ቅረብ” አለኝ።

ሸይባ ሽማግሌ ማለት ነው። ቅር አለኝ። በወረቀት እኮ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው! ፓስፖርቴን አየ። ትርጉሙን አየ። እንደገና ፓስፖርቴን አየ። ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ መታ።

“በስንት ዓመትህ ነው የተመረቅኸው?”

“በሃያ አንድ” አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

“ወረቀትህ በሰባት ዓመትህ ነው የሚለው።”

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሳቅ አወካ። አንዱ ወፍራም ግብፃዊ “ማሻአላህ! ከጡጦ ወደ መርፌ!” አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። “ይህ ተዝዊር ይመስላል” አለ።

ተዝዊር ሐሰተኛ ሰነድ ማለት ነው። እዚያ አገር ይህን ቃል የሰማ ስደተኛ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሻንጣው ነው።

“የመሥሪያ ቤታችን ዶክተር በሳምንቱ መጨረሻ በተግባር ሊፈትንህ ክሊኒኩ ድረስ ይመጣል” አለኝ ወጣቱ። “እኔም እመጣለሁ። ይህን ነገር እዚያ አስረዳን። ካላስረዳህ ወረቀቱን ለፖሊስ አስተላልፋለሁ።”

መኪና ውስጥ አቡ ናስር ሞተሩን ሳያስነሳ ወደኔ ዞረ። “ሰዒድ፣ ወይ ተአምር ነህ ወይ ሌባ ነህ። አንዱን ምረጥና ንገረኝ” አለኝ።

ያን ጊዜ ክፍል የምጋራው ከተስፋዬ ጋር ነበር። የደሴ ልጅ ነው፤ የውኃ መኪና ይነዳል። አፉ አያርፍም። የሆነውን ስነግረው አልጋው ላይ ተንከባለለ።

“ጋሼ ሰዒድ፣ ጋዋኑ አልረዘመብህም?”

“ተው አንተ፣ ልታሰር ነው።”

“ሰርተፊኬቱን ማን ያዘልህ? እማዬ?”

ስቆ ስቆ ሲወጣለት ትርጉሙን ተቀበለኝ። ዐረብኛ ማንበብ ከኔ ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

“እዚህ ሚላዲ ይላል። የፈረንጅ ዘመን ነው ይላል። ማን ነው እንዲህ ያለው?”

“እኔ ነኛ። ተርጓሚው በእስልምናው ሂጅሪ ነው ወይስ ሚላዲ ብሎ ጠየቀኝ። ሂጅሪ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሚላዲ ነው አልኩት።”

ተስፋዬ ግንባሩን በመዳፉ መታ። “ወይ ጋሼ! እሱ የሚያውቀው ሁለት ዘመን ነው። የኛ ሦስተኛ ነው! በሐምሌ ተመርቀህ የለ? ስምንት ዓመት በልተህ ነው ያስጻፍከው!”

ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የክትባት መዝገብ ላይ ቀን የጻፍኩ ሰው፣ የገዛ ዲፕሎማዬን ቀን ለሰው መንገር አቃተኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ስምንት ሲደመር አሥራ አምስት።

ተስፋዬም ቆጥሮ ኖሯል። “አሥራ አምስት። አሁንም ጢም የለህም። ሃያ አንድ አይደል ያልከው? ስድስቱ የት ሄደ?”

“ደላላው ጋ” አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ መቀለዱን ተወ።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ማስረዳት ቀላል ነው። ስለ ስድስቱ ዓመት መናገር ግን በእግሬ ሄጄ ራሴን ማስረከብ መሰለኝ። ለዘይነባ ደውዬ ምከሪኝ አልኳት። “ዋሽተህ ስትሄድ ስቄ ሸኘሁህ፤ ጥፋቱ የኔም ነው” አለችኝ። “አሁን ግን ሐያት አጠገቤ ሆና እየሰማች ነው። ያንን አስበህ ተናገር፣ ታናሼ።” በጭንቄም ጊዜ እንኳን ታላቅነቷን አልለቀቀችም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አቡ ዓሪሽ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀው ክሊኒክ ጓሮ ውስጥ፣ አቡ ናስር ከባይሽ አንዲት ፍየልና አንዲት ላም አስመጥቷል። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ “ላሟን ለጎረቤት ልሸጣት ነው። አምስት ዓመቷ ነው ብያለሁ። አደራ” አለኝ። ለፈተናው የማደርገው ጸሎት ላይ ይህም ተጨመረበት።

ፈታኙ ዶክተር ዑስማን ሱዳናዊ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው። ወጣቱ ሙወዘፍ ፋይሉን ታቅፎ አጠገቡ ቆመ።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ተንተባትቤ አስረዳሁ። ዶክተሩ ገና ሳልጨርስ እጁን አነሳ። “ገዳሪፍ ስሠራ ከሐበሻ የከብት ነጋዴዎች ጋር ነበርኩ። ስምንት ዓመት ወደኋላ መሆናችሁን አውቃለሁ። የክትባት ወረቀታቸውን ሳነብ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ!” አለ። ሙወዘፉም በስልኩ ፈልጎ አረጋገጠ።

ዶክተሩ ግን መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ። “ስለዚህ በአሥራ አምስት ዓመትህ ተመረቅህ።”

“ይመስላል” አልኩ።

“ጎበዝ ልጅ ነበርክ።”

ጀርባዬ በላብ ራሰ። የጂዛን ሙቀት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ፍየሏ ሆዷ ተነፍቷል። ግራ ጎኗን በጣቴ ነካ ነካ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አቆምኳት፤ ዘይት አጠጣኋት፤ ጎኗን አሸሁላት። በመሐል ከጠረፉ ተራራ ወገን ከባድ የመድፍ ድምፅ መጣ፤ የበሩ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሙወዘፉ ጎንበስ አለ። አቡ ናስር ከላሟ ኋላ ተደበቀ። እኔ ማሸቴን ቀጠልኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ለኔ የዚያን ቀን ከዚያች ፍየል ሆድ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ስላልነበረ ነው። ትንሽ ቆይታ ፍየሏ ረጅም ግሳት አገሳች። እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ የለም።

“ጥሩ” አለ ዶክተሩ። “አሁን የላሟን ዕድሜ ንገረኝ።”

“አምስት!” አለ አቡ ናስር ዘሎ።

“አንተን አልጠየቅሁም።”

የላሟን ከንፈር ገለጥኩ። የከብት ዕድሜ ጥርሱ ላይ ነው የሚነበበው። ወጣት ላም የፊት ጥርሷ ሰፊና የተጠጋጋ ነው፤ ስታረጅ ያልቃል፣ ይሳሳል። የዚህችኛዋ ጥርስ ተፍቆ ተፍቆ ጉቶ ሆኗል። አቡ ናስርን አየሁት። ከዶክተሩ ኋላ ሆኖ አምስት ጣት አሳየኝ። ደሞዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው። ክሊኒኩም የሱ ነው። ላሟን አምስት ዓመቷ ነው ብል ግን የወደቅሁት ያኔ ነው፤ ሐያትም አብራኝ።

“አሥራ አንድ” አልኩ።

“ያ ሰዒድ! አረድከኝ!” ብሎ አቡ ናስር ራሱን ያዘ።

ዶክተሩ ራሱ ከንፈሯን ገልጦ አየ። “አሥራ አንድ ነው” አለና እጁን ታጥቦ ወደኔ ዞረ። “አሠሪው ፊት ስለ ላም እውነቱን የሚናገር ሰው ብዙ አላየሁም። በል አሁን አንተ አፍህን ክፈት።”

“እኔ?”

“አንተ።”

ከፈትኩ። ያኔ አፌ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ከታች አራት፣ ከላይ ሁለት ነበሩ፤ እነሱም እንደተጣሉ ጎረቤቶች የተራራቁ። ዶክተሩ በባትሪ አበራ። ሙወዘፉም አንገቱን አስግጎ አየ። ላሟም ዞር ብላ ያየችኝ መሰለኝ።

“ይህ የሃምሳ አንድ ዓመት አፍ አይደለም” አለ ዶክተሩ።

ዋሽቼ ላመልጥ የምችለው ያቺን ደቂቃ ብቻ ነበር። ሐያት ትዝ አለችኝ።

“ሃምሳ ሰባት ነኝ ዶክተር” አልኩ። “ለቪዛው ብሎ ስድስቱን ደላላ ቀነሰልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ዲፕሎማዬ ግን እውነት ነው። በሃያ አንድ ዓመቴ ነው የተመረቅሁት።”

ቀድሞ የተናገረው አቡ ናስር ነው።

“ለዚህ ነው እንዴ ጆንያ ስታነሳ ወገብህ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው?” አለና ሳቁ አፈነው። “ደላላው አንተን ስድስት ዓመት ቀነሰ፤ እኔ ላሟን ስድስት ዓመት ቀነስኩ። ዶክተር፣ ሁላችንንም ጻፈን!”

ሙወዘፉ ፋይሉን ከፈተ። እጁን እያየሁ ነበር። “እኔ የተላክሁት ስለ ዲፕሎማው ነው” አለ። “ዲፕሎማው የዚህ ሰው ነው ወይ?”

“የሱ ነው” አለ ዶክተሩ። “ውሸቱ ያለው ፓስፖርቱ ላይ ነው፤ እሱን ከአገሩ ጋር ይጨርስ። እጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሠራ እጅ ነው። አልፏል።”

ወጣቱ ፈረመ። ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “ያ ሸይባ፣ ያን ዕለት ሸይባ ስልህ ተቀይመህ ነበር። አሁንስ?”

“አሁንማ አንድ ጊዜ ድገምልኝ” አልኩት።

ላሟን ሊገዛ የነበረው ጎረቤት ከሰዓት በኋላ መጣ። አቡ ናስር እየሳቀ እውነቱን ነገረውና ሰውዬው ትቷት ሄደ። ላሟ ክሊኒኩ ጓሮ ቀረች፤ ሁለት ጊዜም ወለደችልን። ተስፋዬ “ምስክር” ብሎ ስም አወጣላት። ውኃ ሲያመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ “ጋሼ፣ ምስክር እንዴት አደረች?” ይል ነበር።

ብዙ ሳይቆይ አዲሱ ኢቃማ ወጣልኝ። ለሐያት በቪዲዮ ደውዬ ካርዱን አሳየኋት። ዐረብኛውን ስለማታነበው አነበብኩላት፤ “የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን” ይላል።

“ራዒ የሚለውስ የት ሄደ?” አለችኝ።

“ተመረቀ።”

ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ኋላ ለቅሶ ነበረ። “በል እኔም ልሂድ፣ ክፍል አለኝ” ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ደላላ አንስታ አታውቅም። አቡ ናስርም ቃሉን ጠበቀ። ጆንያ ማንሳትም ቀረልኝ፤ ስጠጋ እንኳን “ተው አባቴ፣ ትሰበራለህ!” ብሎ ይቆጣኛል።

አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ጥሩ የጥርስ ሐኪም ነበረ። የሐያትን የትምህርት ወጪ ከላክሁ በኋላ ከቴክኒሻን ደሞዜ የተረፈኝን አጠራቅሜ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራሁ፤ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነው። ዶክተር ዑስማን ክሊኒኩን ሊጎበኝ ሲመጣ በሰላሳ ሁለቱም ሳቅሁለት። ቀረብ ብሎ አየኝና ጮኸ፦ “አንተ ሽማግሌ! ማስረጃውን አጠፋህ!”

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ስድስቱን ዓመቴንም መታወቂያዬ ላይ አስመልሻለሁ። ዘይነባ ብቻ ነች ያዘነችው፤ እትዬነቷ ቀረባ። እኔ ግን ያንን ቀን ሳስበው ኀፍረት አይሰማኝም። በሕይወቴ አፌን ከፍቼ እንደዚያ የጠቀመኝ ጊዜ የለም።

ሐያት ስትመረቅ ዲፕሎማዋን መጀመሪያ የሰጠችው ለኔ ነው። ሰው ሁሉ ስሟን ሲያነብ እኔ መነጽሬን አድርጌ ቀኑን ፈለግሁ። በኛም በፈረንጅም፣ ሁለቱም ተጽፏል። በጣቴ ቆጠርኩ። ልጄ የተመረቀችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ከአባቷ አሥራ አምስት ዓመት ዘግይታ።